የግማሽ ፊት መኮማተር (ሄሚፌሻል ስፓዝም)፦ ደም ቅዳ ቧንቧ የፊት ነርቭን ሥር ሲጫን

ሄሚፌሻል ስፓዝም በአንድ በኩል ያሉ የፊት ጡንቻዎች ያለፈቃድ ደጋግመው የሚኮማተሩበት የነርቭ ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ በታችኛው የዓይን ቆብ መርገብገብ ይጀምርና በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ወደ ጉንጭና ወደ አፍ ጥግ ይወርዳል። በእንቅልፍ ጊዜም ላይቆም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛ ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ለሕይወት አስጊ ባይሆንም ዓይንን እየጨፈነ ማንበብንና መኪና መንዳትን ያስቸግራል፤ ሰው ፊት መቅረብንም ያሳቅቃል።

መንስኤው ምንድን ነው?

የፊት ነርቭ ከአንጎል ከሚነሱት 12 ጥንድ ነርቮች 7ኛው ነው። ከአንጎል ግንድ ወጥቶ፣ ከመስሚያ ነርቭ ጋር ጎን ለጎን ተጉዞ፣ በጆሮ አካባቢ ባለው አጥንት ውስጥ አልፎ ለፊት ጡንቻዎች ይሰራጫል።

ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን አለው። በነርቩ ሥር፣ ማለትም ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ ባሉ ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ ግን ይህ ሽፋን ለግፊት በቀላሉ ይጋለጣል። በዚሁ ጠባብ ቦታ ወደ ትንሹ አንጎል ደም የሚወስዱ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ያልፋሉ። ነርቩን በብዛት የሚጫኑት የትንሹ አንጎል የፊተኛው ታችኛ እና የኋለኛው ታችኛ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ናቸው። አንዳንዴም በአንገት አጥንቶች በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ይጫነዋል። ዕድሜ ሲገፋ ቧንቧዎች ይረዝማሉ፣ ይጠማዘዛሉም። የቧንቧው ትርታ ያለማቋረጥ ሥሩን ሲመታ ነርቩ ከመጠን በላይ ይነቃቃል፤ ጡንቻዎቹም ሳይታዘዙ ይኮማተራሉ።

ንክኪ ሁሉ በሽታ ነው?

አይደለም። ምንም ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይም ቧንቧው ነርቩን ነክቶ በኤምአርአይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ለራስ ምታት፣ በተነሣ ኤምአርአይ ላይ «ቧንቧ ነርቭ ነክቷል» የሚል ውጤት ቢያነቡ አይደንግጡ። ፊትዎ የማይኮማተር ከሆነ ለዚህ ንክኪ ሕክምና አያስፈልግም።

ከምን ይለያል?

• በድካም፣ በእንቅልፍ እጦት ወይም በቡና ብዛት የሚመጣ የዓይን መርገብገብ በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ወደ ጉንጭም አይወርድም።
• ሁለቱም ዓይኖች አብረው የሚጨፈኑ ከሆነ ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል።
• ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እንዴት ይታወቃል?

ሐኪሙ በዋናነት የሚለየው ፊትን በማየት ነው። ዓይን ሲጨፈን በዚያው በኩል ያለው ቅንድብ ወደ ላይ ከተነሣ ጠቃሚ ፍንጭ ነው። መኮማተሩ በምርመራው ሰዓት ላይታይ ስለሚችል ቤተሰብ በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽ ይረዳል። ኤምአርአይ ቧንቧውን ለማየትና እንደ ዕጢ ያሉ ሌሎች መንስኤዎችን ለማጣራት ይታዘዛል።

ሕክምናው

የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ፦ ጡንቻዎቹን ያዝናናል። ውጤቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ወር ስለሚቆይ መርፌው ይደገማል። የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም የፊት መዛል ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ከጊዜ በኋላ ይለቃል።

ቀዶ ሕክምና፦ ከጆሮ ጀርባ በትንሽ ቀዳዳ ተገብቶ በቧንቧውና በነርቩ መካከል ትንሽ የቴፍሎን ቁራጭ ይቀመጣል። ይህን ዘዴ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፒተር ጃኔታ ነው። መንስኤውን ስለሚያስወግድ አብዛኞቹ ታካሚዎች ይሻላቸዋል፤ ለአንዳንዶች ግን ለውጡ ወራት ይወስዳል። የመስሚያ ነርቭ አጠገቡ በመሆኑ የመስማት ችሎታ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ጥቅሙንና ጉዳቱን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር በደንብ ይመካከሩ።

እንደ ካርባማዘፒን ያሉ እንክብሎች የሚረዱት ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው።

መቼ ሐኪም ይታይ?

የዓይን መርገብገቡ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ ወይም ወደ ጉንጭ ከወረደ ሐኪም ያማክሩ። ብዙዎች «ጭንቀት ነው» ወይም «ክፉ ምልክት ነው» እየተባሉ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ነገር ግን መንስኤው ሊታይ የሚችል፣ ሕክምናም ያለው ችግር ነው።