በብራዚል ከተሞች ስለ ተሠሩ አዲስ ሕንፃዎች

ብራዚል በደቡብ አሜሪካ ካሉት አገሮች ሁሉ በስፋትም በሕዝብ ብዛትም የምትበልጥ ናት። ፖርቱጋሎች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ገዝተዋት ስለ ነበረ፣ በጥንቶቹ ከተሞችዋ የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት በፖርቱጋል ልማድ የታነጹ፣ በወርቅ ቅብና በጥርብ ድንጋይ ያጌጡ ናቸው። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ከዚያው ሕዝብ መካከል ሲሚንቶን እንደ ጨርቅ የሚያጥፉ የሕንፃ ጠቢባን ተነሡ። በዚህ ጽሕፈት የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ናት፤ ያን ጊዜ የመንግሥቱ መቀመጫ እርስዋ ነበረች። የትምህርትና የጤና ሚኒስትሩ ጉስታቮ ካፓኔማ ለሚኒስቴሩ ቤት ማሠሪያ የንድፍ ውድድር አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን ያሸነፈው ንድፍ ደስ ስላላሰኛቸው ሥራውን ለሉሲዮ ኮስታ ሰጡት። ኮስታም ወጣቶችን ሰበሰበ፤ በ1936ም ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር ሊቅ ከፈረንሳይ አገር መጥቶ መከራቸው። በ1945 የተመረቀው ይህ ቤት በረጃጅም ዐምዶች ላይ የቆመ ስለ ሆነ መንገደኛ ከሥሩ ያልፋል። በዚያ አገር ፀሐይ የምትበረታው ከሰሜን በኩል ነውና የሰሜኑ ፊት እንደ ፀሐይዋ አካሄድ በሚዞሩ መከለያዎች ተጋርዶአል። ከወጣቶቹም አንዱ ኦስካር ኒማየር ይባል ነበር።

ለካህናት ልዩ ትኩረት የሚገባው ታሪክ ግን የሆነው ቤሎ ሆሪዞንቴ በተባለችው ከተማ ነው። በ1940 ጁሴሊኖ ኩቢቼክ የሚባል ሐኪም የከተማይቱ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። እርሱም ፓምፑልያ በተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር የቁማር ቤት፣ የጭፈራ ቤት፣ የጀልባ ማኅበር ቤትና አንዲት ቤተ ክርስቲያን እንዲነድፍለት ኒማየርን አዘዘው። ቁማር ቤትና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ትእዛዝ መጻፋቸው ከመጀመሪያውም ደግ ምልክት አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ስም ተሠርታ በ1943 ተፈጸመች። ግድግዳዋና ጣራዋ ተለይተው አይታወቁም፤ ቀጭን የሲሚንቶ ቅስት ከምድር ተነሥቶ፣ ጎብጦ፣ ተመልሶ ምድር ይነካል። ትልቁ ቅስት የምእመናን መቆሚያ ነው፤ ታናናሾቹ ከኋላ በሰልፍ ይከተላሉ። የደወሉም ግንብ እንደ ልማድ ወደ ላይ እየጠበበ በመሄድ ፈንታ ከታች ጠብቦ ከላይ ይሰፋል። ሠዓሊው ካንዲዶ ፖርቲናሪ የኋላውን ፊት በሰማያዊና በነጭ የሸክላ ንጣፍ ሥዕል ሸፈነው፤ ከመሠዊያው በስተኋላም የቅዱሱን ታሪክ ሣለ። በቅዱሱ አጠገብ ግን ሰው በገድሉ የሚያውቀውን ተኵላ ሳይሆን ውሻ አቆመ።

የአገሩ ሊቀ ጳጳሳት አንቶኒዮ ዶስ ሳንቶስ ካብራል ይህን አይተው ቤተ ክርስቲያኒቱን አልባርክም አሉ። ሊቀ ጳጳሳቱን አዲስ ነገር የማይወዱ ናቸው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም እንዲሁ ነቅፈዋቸዋል። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን መልክ ምእመን ከሩቅ አይቶ የሚሳለመው ነውና የአሠሪውና የነዳፊው ፈቃድ ብቻ ሊወስነው አይገባም፤ እረኛውን ሳይጠይቁ ሠርተው ጨርሰው ባርክልን ማለት ጥፋት ነበረ። በሌላው ወገን ደግሞ ቅስት ከጥንት ጀምሮ የመቅደስ ጌጥ ነው፤ ሲሚንቶም እንደ ድንጋይና እንደ ኖራ የምድር ፍሬ ነው እንጂ ርኵሰት የለበትም። ሁለቱም ወገን እውነት ነበራቸውና ጠቡ በቶሎ አልበረደም።

በዚህ መካከል ቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዳሴ ሳይደርስባት 16 ዓመት ኖረች፤ እርጥበትም ይጎዳት ጀመር። በ1947 የመንግሥቱ የቅርስ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ከመፍረስ እንድትድን በመዝገቡ ጻፋት፤ ስለዚህ ገና ጸሎት ያልለመደችው ቤት አስቀድማ ከጥንት ቅርሶች ጋራ ተቈጠረች። ቅዳሴ ቤቷ የተከበረው በ1959 ነው። ጎረቤቷ የቁማር ቤት ግን በ1946 ቁማር በመላው አገር በዐዋጅ ሲከለከል ተዘግቶ ነበርና ኋላ የሥዕል ቤተ መዘክር ሆነ። በ2016 ዩኔስኮ የፓምፑልያን ሕንፃዎች በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው።

በሳን ፓውሎ ለመንገደኛ የሚያስደንቀው በ1968 የተከፈተው የሥዕል ቤተ መዘክር ነው። ትውልድዋ ጣልያን የሆነች ሊና ቦ ባርዲ የምትባል ሴት ነደፈችው። አራት ዐምዶች ብቻ ሕንፃውን ተሸክመው 74 ሜትር የሚሆን ባዶ ስፍራ ከሥሩ ትተዋል፤ ሕዝቡም በዚያ ጥላ ይሰበሰባል፣ ይገበያያል። በዚያችው ከተማ የኒማየር ሥራ የሆነው ኮፓን የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይታያል።

ያ ከንቲባ ኩቢቼክ በ1956 የብራዚል ፕሬዚዳንት ሆነ። ዋና ከተማው ከባሕር ዳር ወደ አገሩ መካከል እንዲዛወር በ1891 በወጣው ሕገ መንግሥት ተጽፎ ነበር፤ የሚፈጽመው ግን አልተገኘም ነበር። ኩቢቼክ በ1957 ንድፉን አወዳደረ፤ ሉሲዮ ኮስታም በጥቂት ገጽ ጽሑፍና በእጅ ንድፍ አሸነፈ። የንድፉ መነሻ እርስ በርሳቸው የሚሻገሩ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ይኸውም ራሱ ነዳፊው እንደ ጻፈው የመስቀል ምልክት ነው። ሕንፃዎቹን የነደፈው ኒማየር ነበረ። ብራዚሊያም በ1960 ሚያዝያ 21 ቀን ተመረቀች።

ኩቢቼክ ለከተማይቱ ክብር የጣልያኑን ካህን የዶን ቦስኮን ሕልም ይጠቅስ ነበር። ካህኑ ብራዚልን ሳያይ በ1883 በደቡብ አሜሪካ በ15ኛውና በ20ኛው የኬክሮስ መስመር መካከል ባለጸጋ ምድር በሕልሙ አየ። ሕልሙ ግን የከተማ ስም አይጠራም፤ ለብራዚሊያ ያዋሉት ከእርሱ በኋላ የተነሡት ናቸው።

ይህች ከተማ ከኢትዮጵያም ታሪክ ጋራ በአንድ ነገር ትገናኛለች። በ1960 በታኅሣሥ ወር፣ ከምረቃው ስምንት ወር በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ነበር በአዲስ አበባ የክብር ዘበኛ መነሣቱ የተሰማው።

በብራዚሊያ ካሉት ሁሉ የሚደነቀው ካቴድራሉ ነው። 16 የጎበጡ የሲሚንቶ ዐምዶች ከምድር ክብ ሠርተው ይነሡና ወደ ላይ ተቀራርበው እንደ ተዘረጋ እጅ እንደ ገና ይከፈታሉ። በደጁ አራቱ ወንጌላውያን በነሐስ ቆመዋል። ወለሉ ከምድር በታች ስለ ሆነ ሰው በጨለማ መተላለፊያ ወርዶ ድንገት ወደ ብርሃን ይወጣል፤ በላይም ሦስት መላእክት በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ዐምዶቹ በከተማይቱ ምረቃ ጊዜ ቢቆሙም ገንዘብ ስለ ጠፋ እንደ ዐፅም ብቻቸውን ቆዩ፤ ካቴድራሉ የተባረከው በ1970 ነው። ባለ ቀለሙን መስታወት ማሪያን ፔሬቲ የሠራችው ከዚያም በኋላ በ1990 ነው። የሚያስገርመው ኒማየር እግዚአብሔርን የማያምን ኮሚኒስት መሆኑ ነው፤ ይሁን እንጂ ከጨለማ ወደ ብርሃን መውጣትን እንደዚያ አድርጎ የገለጠ አማኝ ነዳፊ በዘመኑ ብዙ አልተገኘም።

የእነዚህን ሁሉ ክብደት የለካው መሐንዲስ ጆአኪም ካርዶዞ ይባል ነበር፤ እርሱም ደግሞ የታወቀ ባለ ቅኔ ነው። ቃልን ሲመዝን የኖረ ሰው ዐምድን ቢመዝን ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ ነገር አይሆንም። የፓምፑልያ ቅስትና የብራዚሊያ ካቴድራል ያለ እርሱ ስሌት አይቆሙም ነበር፤ ስሙን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ከእርሱም ይልቅ የተረሱ አሉ። ብራዚሊያን በሌሊትም በቀንም የሠሩት ከሰሜን ምሥራቁ ደረቅ አገር በጭነት መኪና የመጡ፣ ካንዳንጎ የተባሉ ድሆች ናቸው። ከተማይቱ ሲያልቅላት ለእነርሱ በመካከልዋ ቤት አልተገኘላቸውም፤ በዙሪያዋ ርቀው በተቈረቈሩ ሰፈሮች እንዲኖሩ ሆነ። ከእነዚህም አንዱ ታጓቲንጋ ከምረቃው አስቀድሞ በ1958 የተመሠረተ ነው።

በ1971 በየካቲት ወር ደግሞ ኒማየር ነድፎ ካርዶዞ ስሌቱን የሠራለት በቤሎ ሆሪዞንቴ ይሠራ የነበረ የትርኢት አዳራሽ በምሳ ሰዓት ተንዶ ከ60 የሚበልጡ ሠራተኞችን ገደለ። ካርዶዞ ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ በፍርድ ቤት ተከሰሰ፣ ተፈረደበትም። ኋላ በይግባኝ ነፃ ወጣ፤ በ1978ም በትውልድ አገሩ በፔርናምቡኮ ዐረፈ።