ክብ ድንጋይ ወይስ የአቆስጣ ድንጋይ?

በአየርላንድ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ፣ ኮኔማራ በሚባለው አካባቢ፣ ራውንድስቶን የምትባል መንደር አለች። ስሟ በእንግሊዝኛ "ክብ ድንጋይ" ማለት ነው። ትርጉሙን አምናችሁ ክብ ድንጋይ ፍለጋ ብትሄዱ ግን ስሙ ያሳስታችኋል። በአገሬው ቋንቋ፣ በጌሊክ፣ መንደሯ "ክሎኽ ና ሮን" ነው የምትባለው። "ክሎኽ" ድንጋይ ነው። "ሮን" ደግሞ አቆስጣ ነው፤ ባሕር ውስጥ ዓሣ እያደነ የሚኖር፣ ለማረፍ ድንጋይ ላይ የሚወጣ እንስሳ። ስለዚህ ስሙ "የአቆስጦች ድንጋይ" ማለት ነበር። "ሮን" የሚለው ድምፅ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር "ራውንድ" ሆነና አቆስጦቹ ከስሙ ጠፉ።

ለመሆኑ ስሞች ካርታ ላይ የሚገቡት እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1824 የብሪታንያ መንግሥት አየርላንድን በሙሉ ለማስለካት ወሰነ። ዋናው ምክንያት ግብር ነበር፤ መሬቱ በትክክል ካልታወቀ ግብሩን በፍትሕ ማከፋፈል አይቻልም። ሥራው ኦርድናንስ ሰርቬይ ለተባለው የካርታ ተቋም ተሰጠ። መሬት ላይ 1 ማይል የሆነው ርቀት ወረቀቱ ላይ 6 ኢንች እንዲይዝ ተደረገ።

መሬት በሰንሰለት ይለካል፤ ስም ግን በምን ይለካል? አንዱ መንደር በተለያዩ ሰነዶች ላይ በተለያየ መንገድ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ተቋሙ በ1830 ጆን ኦዶኖቫን የተባለ የጌሊክ ምሁር ቀጠረ። ኦዶኖቫን ከአውራጃ አውራጃ እየዞረ የአገሬው ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጠራው ያዳምጣል፣ ከጥንታዊ ጽሑፎች ጋር ያመሳክራል። ውጤቱም የስም መዝገብ በሚባሉ ደብተሮች ላይ ይሰፍራል።

ችግሩ ካርታው ላይ የሚወጣው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ መሆኑ ነበር። እስቲ "መጣ" እና "መታ"ን በላቲን ፊደል ጻፏቸው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ! በጌሊክም እንዲሁ ነው። ኪልሞር የሚባሉ ብዙ ቦታዎች አሉ፤ አንዳንዱ "ትልቅ ቤተ ክርስቲያን" ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ "ትልቅ ጫካ"። የጌሊኩን ስም ካላወቃችሁ መለየት ያስቸግራል።

የአገሪቱ ካርታ በ1846 ታትሞ አለቀ። ግን በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ ታላቁ ረሃብ ጀምሮ ነበር። 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። ጌሊክ የሚናገሩት የምዕራብ ድሆች ክፉኛ ተጎዱ። ስሞቹን በቃል የሚያውቁት እነሱ ነበሩ እኮ! ከረሃቡ በፊት የተሞሉት ደብተሮች ዛሬ ውድ የሆኑት ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ብዙ ስሞች ካርታው ላይ አልገቡም ነበር። በ1972 ቲም ሮቢንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከኮኔማራ ማዶ ወዳሉት የአራን ደሴቶች መጥቶ መኖር ጀመረ። ዳርቻውን በእግሩ እየዞረ፣ ነዋሪዎቹን እየጠየቀ፣ የአለቱንና የወሽመጡን ስም በጌሊክ መዘገበ። የአራን ካርታው በ1975፣ የኮኔማራው በ1990 ወጣ። በኋላ የኖረውም እዚያው ራውንድስቶን ነበር።

እናንተም ካርታ ላይ ግራ የሚያጋባ ስም ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መጀመሪያ ማን ጠራው? ማንስ ጻፈው?