ከቆጣሪው ጀርባ

ባደግሁበት የመርካቶ ግቢ አንድ ቆጣሪ ለስድስት ቤት ያገለግል ነበር። ቆጣሪው የተሰቀለው በእንጨት ጣውላ ላይ ነው። ሊያነብ የሚመጣው ሰው እኛን ልጆቹን «የመብራት ኃይል ንብረት ነው፤ እንዳትነካኩት!» ብሎ አስፈራርቶን ይሄዳል። ጣውላው የማን እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔም ጥያቄውን ያነሣሁት ዕድሜዬ ከሃምሳ ካለፈ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ እጅግ ርቄ፣ በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጣራዬ ላይ ላስተክል አስቤ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው የቆጣሪውን ሳጥን ከፈተ፤ ቆጣሪው የታሰረበትን ጥቁር ሰሌዳ አየት አደረገና መልሶ ዘጋው። «አስቤስቶስ ነው፤ እኔ አልበሳውም» አለኝ። ኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ዘንድ ብደውል «ቆጣሪው የእኛ ነው፤ ሰሌዳው ግን የባለቤቱ ነው» ተባልኩ። ሒሳብ የምከፍለው ለሌላ ኩባንያ ነውና እዚያም ደወልኩ። መልሱ ያው ሆነ። ማስለወጫው የአንድ ወር የቤት ዕዳ ክፍያዬን ያህላል። ቤቱ የተሠራው በ1960ዎቹ ነው፤ ሰሌዳውን እኔ አልመረጥኩትም፣ አላሰቀልኩትም። ታሪኩን እንዳገላብጥ ያነሣሣኝ ይኸው ንዴት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አስቤስቶስ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው። ከመሬት እየተቆፈረ የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ የሚፈተል ድንጋይ ነው። እሳት አይበላውም፣ ርካሽ ነው፣ ከሲሚንቶም ከሬንጅም ጋር ይዋሐዳል። ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ ጣራና ግድግዳ ሆነ፤ ከሬንጅ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የቆጣሪ ሰሌዳ። ከሰሌዳዎቹ መካከል «ዘለማይት» እና «ለባህ» የሚል የንግድ ስም የታተመባቸው ነበሩ። የኋለኛው ስም ለአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ እተዋለሁ።

በዚያ ዘመን በቪክቶሪያ ግዛት ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨውም፣ የሚሸጠውም፣ የቤት ውስጥ መስመር የሚቆጣጠረውም በአብዛኛው አንድ የመንግሥት ኮሚሽን ነበር። ኮሚሽኑ በ1921 በጄኔራል ጆን ሞናሽ ሊቀ መንበርነት ሥራ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ ተከፋፍሎ ለግል ኩባንያዎች ተሸጠ። ቆጣሪዎቹ ወደ አከፋፋዮቹ ሲተላለፉ ሰሌዳው እንደ ቤቱ አካል ተቆጥሮ ከግድግዳው ጋር ለባለቤቱ ቀረ። ተከራይም ከሆኑ ጉዳዩ የአከራዩ ነው። በሕግ በኩል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

በታሪክ በኩል ግን አያልቅም። ዊትኑም በምትባለው የምዕራብ አውስትራሊያ ከተማ ሰማያዊ አስቤስቶስ ከ1943 እስከ 1966 ተቆፍሯል። ኤሪክ ሴንት የተባለ ሐኪም በ1948 ማዕድኑን ጎብኝቶ ብናኙ ሠራተኞቹን እንደሚፈጃቸው ለባለሥልጣናት አስጠነቀቀ። ሰሚ አላገኘም። በ1960 ደግሞ ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ ባደረጉት ጥናት አስቤስቶስ ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ከሚወጣው ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና ይፋ አደረጉ። ብናኙን የሳበ ሰው ሕመሙ የሚታይበት ብዙውን ጊዜ ከሃያ፣ ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሻጩ ሸጦ፣ ተቆጣጣሪው ጡረታ ወጥቶ፣ ቤቱም ባለቤት ለውጦ ካበቃ በኋላ ማለት ነው። አውስትራሊያ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ2003 መጨረሻ ነው።

ዕዳውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር እዚያ አገር ሁለት ዓይነት መልስ አግኝቷል። አስቤስቶስ ያመርት የነበረው ጄምስ ሃርዲ በ2001 ለተጎጂዎች በቂ ገንዘብ የሌለው ድርጅት አቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ኔዘርላንድስ አዞረ። የቀድሞ ሠራተኛው በርኒ ባንተን የኦክስጅን ቱቦ በአፍንጫው እንደተሰካ ለዓመታት ተሟገተ። ኩባንያው ለመክፈል የገባበት ስምምነት በ2007 መጀመሪያ ጸደቀ፤ ባንተን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተ። በካንቤራ ደግሞ እንደ ጥጥ የተባዘተ አስቤስቶስ በኮርኒሳቸው ላይ የተነፋባቸውን ከ1,000 በላይ ቤቶች መንግሥት ራሱ ገዝቶ ለማፍረስ በ2014 ወሰነ። «ባለቤቱ ይወጣው» አላለም። የቆጣሪ ሰሌዳ ግን ትንሽ ነገር ነውና ጉባኤ የሚጠራለት አላገኘም። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው፣ የኮሚሽኑ ዘመን ሰሌዳ ለእኔ ደረሰኝ።

ይህን ሁሉ ምሬቴን ለጎረቤቴ አወራሁለት። ጡረታ የወጣ ግሪካዊ ኤሌክትሪሺያን ነው። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያም «ሰሌዳው ካልተሰበረና ካልተበሳ እንዲሁ ተቀምጦ ብዙም አይጎዳህም። እኔ ግን በሺህ የሚቆጠር በስቻለሁ። ብናኙንም በአፌ ነበር እፍ የምለው» አለኝ። በዚያ ሳምንት የሳንባውን ምርመራ ውጤት እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘቤ መናገር አሳፈረኝ። ከፈልኩ። ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች ጭንብል አጥልቀው ሰሌዳውን ነቀሉት፤ በላስቲክ ደራርበው ጠቅልለው ወሰዱት። ባለቤትነት ማን እንደሚከፍል ይወስን ይሆናል፤ እኔም ባለቤት ነኝና አልከራከርም። ሆኖም ከ1948 ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በሰሌዳው ላይ መሰርሰሪያ ያሳረፈው ወጣት ግን የነገረው አልነበረም። ለዚያኛው ዕዳ ሒሳብ የሚልክ ቆጣሪ እስካሁን አልተሰቀለም።

የጎረቤቴ ውጤት በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ደኅና ነው ተባለ፤ «ለጊዜው» የሚል ቃል ግን ተጨምሮበታል።