የበሩ ቁልፍና በረኛው
ወረርሽኝና የአካባቢ አስተዳደር በመተማና በገዳሪፍ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ወረርሽኝ ሲያወሱ ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን በሽታው መቼ እንደ ገባ፣ ምን ያህል ሰው እንደ ጨረሰና መንግሥት ምን አዋጅ እንዳወጣ ነው። አዋጁን በየቀበሌውና በየኬላው ያስፈጸመው ማን እንደ ነበረ፣ ለማስፈጸምስ ምን ሥልጣንና ምን አቅም እንደ ነበረው ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ኢትዮጵያና ሱዳን ወሰን፣ በተለይም ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ እንወርዳለን።

የቦታው ጠባይ

መተማ ዮሐንስና ጋላባት ሁለት ከተሞች ይባሉ እንጂ የሚለያቸው አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው። ከጋላባት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ገዳሪፍ ይገባል። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በ1937 ዓ.ም. ገደማ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ከተጀመረበት ጊዜ ወዲህ የሠራተኛ ፍላጎቱ እያደገ ሄደ። በየክረምቱ ለአረም፣ በየመኸሩ ለአጨዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ወሰኑን የሚሻገረው የቀን ሠራተኛም ብዙ ነው።

ቦታው ለሁለት ጌታ መታዘዝን ከጥንት የለመደ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መተማን ያስተዳድሩ የነበሩት የተክሩር ሼኮች በአንድ በኩል ሱዳንን ለያዘው የግብፅ መንግሥት፣ በሌላ በኩል ለኢትዮጵያ ይገብሩ ነበር። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የቆሰሉትና የሞቱት እዚሁ ነው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዞች ወሰኑን በውል ለዩ። ውሉ መሬቱን ለየ እንጂ የሰዉን መመላለስ አላቆመም።

በዚያን ዘመን በሽታ ሲነሣ ገዥዎች ያደርጉት የነበረው ዋና ነገር ከበሽታው መራቅ ነበር። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ ሠራዊቱን ኮሌራ በያዘው ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ሰፈራቸውን ወደ ደጋ አዛወሩ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» አዲስ አበባን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። በር ዘግቶ፣ መንገደኛን ለይቶ፣ ቀን ቆጥሮ መልቀቅ ሰፊ የመንግሥት ሥራ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በሩ ሲዘጋ

ሱዳንም ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ያስታወቁት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሱዳን በሦስተኛው ቀን የአየር፣ የባሕርና የየብስ በሮቿን ዘጋች። ኢትዮጵያም መጋቢት 14 ቀን ለሕዝብ አስፈላጊ ከሆኑ ዕቃዎች በቀር የየብስ ወሰኖቿን ዘጋች። ውሳኔው ከካርቱምና ከአዲስ አበባ መጣ፤ ድልድዩ ያለው ግን መተማ ነው።

እዚህ ላይ የሕጉን መሠረት መመልከት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የክልል መስተዳድሮችም በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማወጅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። በዚህም መሠረት ትግራይ መጋቢት 17 ቀን፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ቀድማ አወጀች። የአማራ ክልልም በዚያው ወር መጨረሻ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በቲሊሊና በአዲስ ቅዳም ለ14 ቀን እንቅስቃሴ እንዲቆም ወሰነ። የፌዴራሉ አዋጅ የወጣው መጋቢት 30 ቀን ነው። እንግዲህ ሥልጣኑ ከፌዴራል እስከ ክልል ወርዷል፤ ወረዳው ግን በዚህ አንቀጽ አልተጠቀሰም።

በሱዳን በኩል ደግሞ ክርክሩ በግልጽ ወጣ። የካርቱም ክፍለ ግዛት ገዥ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን የሚደረገው የጋራ ጸሎት እንዲቆም የተሰጠውን ትእዛዝ አልቀበልም ስላሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ገዥውን ለመሻር ወሰኑ። በዚያን ጊዜ ገዳሪፍን ጨምሮ ክፍለ ግዛቶቹ የሚተዳደሩት በወታደር ገዥዎች ነበር። ለ18ቱ ክፍለ ግዛቶች ሲቪል ገዥዎች የተሾሙት በሐምሌ ወር ነው። ይህም ማለት ወረርሽኙ የመጣው የማዕከሉና የክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ገና ባልተለየበት ወቅት ነው።

ወረዳው ሥልጣን ባይሰጠውም ሥራው ግን በእጁ ላይ ወደቀ። ከሱዳን በመተማ በኩል የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን 14 ቀን በለይቶ ማቆያ መቆየት ነበረባቸው። «14 ቀን ይቆዩ» ብሎ ማዘዝ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ለ14 ቀን ማኖር ግን ጣሪያ፣ ውኃ፣ እንጀራ፣ መጸዳጃና ዘበኛ ይጠይቃል። ቆላው በሚያዝያ እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያጣውም። ደሞዙን ሳይቀበል የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ከማቆያው ሾልኮ ቢሄድ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነውን? ወይስ የሚበላውን ሳያዘጋጅ ያስቀመጠውም ተጠያቂ ነው?

በሩ ሲከፈት

መዝጋት ከባድ ቢሆንም መክፈት የበለጠ ብልኃት ይጠይቃል። ለዚህ ሰሊጥ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ከደረሰ በኋላ ቆባው ስለሚፈነዳ በጊዜው ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። የገዳሪፍ ገበሬ የሚቆጥረው የአጨዳውን ቀን ነው፤ የጤና ባለ ሥልጣኑ የሚቆጥረው የማቆያውን ቀን ነው። ሁለቱን ቆጠራ የሚያስታርቅ ሰው ካርቱም ተቀምጦ አያገኘውም፤ እርሻውንም ኬላውንም የሚያውቅ የአካባቢ አስተዳደር ያስፈልጋል።

በአገራችን የትምህርት ቤቶች አከፋፈት ይህን የሚያስረዳ ነው። በመጋቢት 2012 የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 የተከፈቱት በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ነው። በመጀመሪያ፣ ከጥቅምት 9 ቀን ጀምሮ፣ የገጠርና የወረዳ ከተሞች፣ ቀጥሎ የዞንና የክልል ከተሞች፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ተከፈቱ። ተማሪዎችን በፈረቃ ከፍሎ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ማስቀመጥ የየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና የመምህራኑ ሥራ ሆነ። ደንቡ ከላይ መጣ፤ ወንበሩን የቆጠርነው እኛ ነን።

በወሰኑ ግን ሰላም ስላልነበረ ጊዜው አልበቃም። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ክፍለ ግዛቶች ተሰደደ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ስደተኛ የተጠለለበት የገዳሪፉ ኡም ራኩባ ሰፈርም እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ስደቱ ተገላብጦ ወደ መተማ ዞረ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱ በይፋ ተነገረ፤ በዚያው ሰሞን በምዕራብ ጎንደር በኩመር የስደተኞች ጣቢያም ኮሌራ ነበር። ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥን ሰው ኬላ አያቆመውም። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ንጹሕ ውኃና የታመመውን ፈጥኖ የሚያይ የጤና ጣቢያ ነው፤ እነዚህም ቀድመው በአካባቢው መገኘት አለባቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የበሩ ቁልፍ ከተማ፣ በረኛው ዳር አገር መሆኑን ነው። ሥልጣኑ ሁሉ ለየወረዳው ይሰጥ ማለታችን አይደለም፤ እያንዳንዱ ወረዳ በፈለገው ጊዜ መንገድ ቢዘጋ እህልና መድኃኒትም ይቆማል። የምንለው፣ ሥራውን የሚሸከመው ክፍል ትእዛዙ ሲወጣ ይጠየቅ፣ ለሥራውም የሚበቃ ገንዘብና ሰው አብሮ ይላክለት ነው። የተክሩር ሼኮች ለሁለት መንግሥት ሲገብሩ የኖሩት ሁለቱም በኃይል ስለሚበልጧቸው ነበር፤ የዛሬው የወሰን አስተዳደር ግን በሁለቱም በኩል ሊመከርበትና ሊረዳ ይገባዋል።

መምህራን ይህን ርእስ በክፍል ሲያነሡ ተማሪዎቻቸው የሚከተሉትን እንዲወያዩባቸው ቢያደርጉ መልካም ነው።

1ኛ. በ2012 ዓ.ም. በምትኖሩበት ቀበሌ ገበያው ሲዘጋና ሲከፈት ውሳኔውን የሰጠው ማን ነበር? ያስፈጸመውስ?

2ኛ. በዚያ ውሳኔ ገቢው የተቋረጠበት ሰው ማን ነው? ምን ተደረገለት?

3ኛ. ታላላቆቻችሁ ስለ ቀድሞ ወረርሽኝ ምን ያስታውሳሉ? ጠይቃችሁ ጻፉ።

መልሱ ከተማሪዎቹ ደብተር ላይ ሲሰፍር የመማሪያ መጽሐፉ ያልጻፈው የአካባቢ ታሪክ መጻፍ ይጀምራል።