ከመንታ ጊደር እስከ ሰው ፅንስ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሳይንስ ታሪክ አንድ ምዕራፍ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ከሙያዬ ራቅ ያለ ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም በእርግዝና ወራት የወንድ ሆርሞን ሲበዛ በሴት ፅንስ ላይ ስለሚያደርሰው ለውጥ ነው። ራቅ ያለ ማለቴም እንኳ ያጠራጥራል፤ የታሪኩ መነሻ የመሥመር መገናኛ ነውና።

ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር አብዛኛውን ጊዜ መካን መሆኗን ከብት አርቢዎች ከጥንት ያውቁ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሊሊ ከቄራ የተገኙ መንታ ፅንሶችን መርምሮ የሁለቱ የደም ሥሮች በእንግዴ ልጁ ላይ ተጋጥመው አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1916 እና በ1917 ባወጣቸው ጽሑፎችም የወንዱ ሆርሞን በደም ተሻግሮ የእኅቲቱን የመራቢያ አካል እንደሚለውጥ አስረዳ። በኋላ ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት በጥንቸል ፅንሶች ባደረገው ምርምር ከወንዱ ፅንስ የሚፈሰው ሆርሞን አንድ ብቻ አለመሆኑ ስለ ተገለጠ የሊሊ ማብራሪያ መታረም አስፈልጎታል፤ መገናኛው ግን ዛሬም እንደ ጸና ነው።

ቴስቶስተሮን በ1935 ተነጥሮ ከታወቀ በኋላ ነገሩን በቀጥታ መፈተን ተቻለ። በ1939 ግሪን፣ በሪልና አይቪ የተባሉ ተመራማሪዎች የወንድ ሆርሞን ከተሰጣቸው እርጉዝ አይጦች የተወለዱት ሴቶች አካላቸው ወደ ወንድ ያደላ መሆኑን ገለጡ።

ማስጠንቀቂያው እንግዲህ በጽሑፍ ነበር። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ የሼሪንግ ኬሚስቶች ኤቲስተሮን የተባለውን መድኃኒት ሠርተው ነበር። በአፍ ሲወሰድ እርግዝናን እንደሚያጸናው የሴት ሆርሞን ይሠራል፤ አጥንቱ ግን ሁለት የካርቦን አተሞች ያሉት ቅጥያ የተጨመረበት ቴስቶስተሮን ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ውርጃ ላሰጋቸው እናቶች ይህና መሰሎቹ ታዘዙ። ከተመደበበት ክፍል ይልቅ አሠራሩን የተመለከተ ሰው መጠርጠር ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1958 የጆንስ ሆፕኪንሱ ላውሰን ዊልኪንስና ባልደረቦቹ ኀፍረተ ሥጋቸው ወደ ወንድ ያደላ ሴት ሕፃናት መወለዳቸውን ዘገቡ። እንዲህ ያለው ሁኔታ የሚታወቀው በአድሬናል ዕጢ ሕመም ሲሆን የእነዚህ ልጆች ዕጢ ግን ጤነኛ ነበር፤ የጋራቸው ነገር እናቶቻቸው ልጆቹን ለማትረፍ ብለው የወሰዱት መድኃኒት ነው። ማኅፀናቸው ደኅና ነበር፤ መድኃኒቱ ከእናት ደም ጋር ስለ ተቋረጠም ለውጡ ከልደት በኋላ አልቀጠለም። አንዳንዶቹ ግን በቢላዋ ሥር አልፈዋል። የጉዳቱን መጠን የወሰነው በአብዛኛው ጊዜው ነበር፤ ከዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት በፊት የተወሰደ እንደ ሆነ የብልቱ ክፍሎች እስከ መጣበቅ ሲደርሱ፣ ከዚያ በኋላ የተወሰደው የቂንጥርን መጠን ብቻ ይጨምር ነበር።