ሞተር ሲጮህ ምን እያለ ነው? ከአቃቂ ባቡር እስከ ጣና ጀልባ

ጣና ሐይቅ መሃል ናችሁ እንበል። ከጀልባዋ ኋላ የተሰቀለው ሞተር ድንገት «ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ» ማለት ይጀምራል። ሞተሩ አልቆመም፣ ጭስም አይታይም፣ ጀልባዋም ትሄዳለች። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ብላችሁ ትቀጥላላችሁ? ወይስ የሚጮኸውን ነገር ገመድ ትነቅላላችሁ?

መልሱን ለማግኘት ጀልባ ወደማይታይበት ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንሂድ። የዚህ ጩኸት ታሪክ የሚጀምረው ከእንፋሎት ሞተር ነው፤ ባቡር ደግሞ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂ ደርሷል። ከጅቡቲ በ1897 መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ አቃቂ የገባው በ1915፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

የእንፋሎት ባቡር ሆዱ ትልቅ የውሃ ጋን ነው፤ ቦይለር ይባላል። ከኋላው በኩል ምድጃው አለ፤ የምድጃው ጣሪያ ደግሞ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት። ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። ውሃው ከጎደለ ግን ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም በእንፋሎቱ ግፊት ይቀደዳል። ይህ ማለት ፍንዳታ ነው። ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው አቃቂ የሚወጣ ባቡር ብዙ ዳገት አለበት። ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል ሲያዘነብል ደግሞ ውሃው ወደፊት ይሸሽና የምድጃው ጣሪያ ሊራቆት ይችላል። ነጂው ደግሞ ብረቱን በዓይኑ አያየውም። ታዲያ ማን ይንገረው?

የነገረው አንድ ቁራጭ እርሳስ ነው፤ የምንጽፍበት ሳይሆን፣ እርሳስ የሚባለው ለስላሳ ብረት። መነሻው በ1803 እንግሊዝ ውስጥ፣ ግሪኒች ላይ የደረሰ አደጋ ነበር። ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለው መሐንዲስ የሠራው ባለ ከፍተኛ ግፊት ሞተር ፈንድቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ትሬቪቲክ እንዳስረዳው፣ ሞተሩን የሚጠብቀው ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር። በእሱ ቦታ የቆመው ሠራተኛ ሞተሩን ሲያቆም እንፋሎቱን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እንደታሰረ ነበር። እንፋሎቱ መውጫ አጣ።

ትሬቪቲክ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረገ። ማስተንፈሻ ቫልቮቹን ሁለት አደረጋቸው፤ በቦይለሩ ላይም ቀዳዳ በስቶ በእርሳስ ወተፈው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ውሃ እስከሸፈነው ድረስ እዚያ ሙቀት አይደርስም። ውሃው ሲጎድል ግን ውታፉ ይቀልጥና እንፋሎቱ እያፏጨ ወደ ምድጃው ይገባል፤ ነጂውን ያስጠነቅቃል፣ እሳቱንም ያዳክማል። ይህ ውታፍ በኋላ በእንፋሎት ባቡሮች ዘንድ የተለመደ ሆነ። ኤሌክትሪክ የለው፣ አምፖል የለው፤ ግን የተደበቀውን ሙቀት ወደ ሰው ጆሮ አመጣ።

በመኪናም ያው ጥያቄ ተነሳ። በ1912 ሃሪሰን ቦይስ የተባለ ሰው ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ የሚያነበውን፣ በራዲያተር ክዳን ላይ የሚገጠም ቴርሞሜትር በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ ቃሊቲ ላይ ተደርድረው የምታዩዋቸው የጭነት መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው ቀይ መብራት የዚያ ቴርሞሜትር የልጅ ልጅ ነው።

የጀልባ ሞተርስ? ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው አሜሪካዊ በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ነጂው ራሱ ያዳምጥ፣ ያሸት ነበር። የዛሬዎቹ ግን በጣም ኃይለኛ ናቸው፤ ራዲያተርም የላቸውም። ማቀዝቀዣቸው ራሱ ሐይቁ ነው። የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ ፖምፓ ውሃውን ከታች ይስባል፣ በሞተሩ ውስጥ ያዞራል፣ መልሶ ይተፋል። ስለዚህ መሳቢያውን ፌስታል ወይም ጣናን የወረረው እምቦጭ ከዘጋው፣ በውሃ ተከቦ የሚቃጠል ሞተር አለን ማለት ነው።

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። በድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይቱን ከቤንዚን ጋር የሚቀላቅለው ሰው ነበር፤ ለምሳሌ ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር። በኋላ ዘይቱ የራሱ ጋን ተሰጠውና ሞተሩ ራሱ ይቀላቅል ጀመር። ሥራ ቀለለ፤ ግን ዘይቱ ማለቁን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ማሽን የሰውን ሥራ ሲወስድ፣ ሰው ያይ የነበረውን ነገር የሚናገር አንድ ድምፅም አብሮ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ጀልባችን እንመለስ። ቁልፉን ስትከፍቱ አንዴ ጮኾ ዝም ካለ፣ ብዙ ሞተሮች ራሳቸውን የሚፈትሹት እንዲህ ነው፤ ጤነኛ ነው። እየሄዳችሁ ከጮኸ ግን መጀመሪያ ነዳጁን ቀንሱ። ቀጥሎ ዞር ብላችሁ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ ተመልከቱ። ቆሟል? ሞተሩን አጥፉ፣ ከውሃ አንሱት፣ መሳቢያውን የያዘውን ቆሻሻ አውጡ፣ የመፍሰሻውንም ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጥረጉ፣ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ። መንገዱ ንጹህ ሆኖ ውሃው ካልመጣ፣ ተጠርጣሪው ፖምፓው ነው፤ የጎማ ክንፎቹ ያረጃሉ፣ ያለ ውሃ ከተነሱ ደግሞ በአጭር ጊዜ ይበላሻሉ። ውሃው በደንብ እየፈሰሰ የሚጮህ ከሆነ ዘይቱን እዩ። ዘይቱም ሙሉ ከሆነ ቴርሞስታቱ ወይም ሙቀት ለኪው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የመካኒክ ሥራ ነው። የጩኸቱ ዓይነት በየፋብሪካው ስለሚለያይ መመሪያውን ከጀልባው አትለዩት።

ገመዱን መንቀልስ? የትሬቪቲክ ውታፍ አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው፤ ማንም ዝም ሊያሰኘው አይችልም፤ ከቀለጠ ቀለጠ ነው። የዛሬው ማስጠንቀቂያ ግን በአንድ ፒንሳ ዝም ይላል። ሙቀቱ ግን ዝም አይልም። ብረቱ በሙቀት ይለጠጣል፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፣ ሞተሩ ይቆማል፤ ነፋስ በሚነሳበት ከሰዓት በኋላ፣ ተሳፋሪ እንደጫነ፣ ከዳርቻ ርቆ። ግሪኒች ላይ ታስሮ የነበረው ቫልቭ ያስከተለውን አስታውሱ። የሚጮኸውን ነገር ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት፣ ውሃውንና ዘይቱን ጠይቁት።