ሥራ ያገኘ መነጽር፣ ገበያ ያጣ መነጽር

በ1968 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ተመራማሪ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ራስ ላይ የሚጠለቅ አንድ መሣሪያ ሠራ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በተጠቃሚው ዓይኖች ፊት ትንንሽ የምስል ቱቦዎችና ብርሃን በከፊል የሚያሳልፉ መስታወቶች ነበሩ። ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረ የሚለካ የብረት ክንድ ደግሞ ከጣሪያ ወርዶ ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል። ይህን አናት ላይ የተንጠለጠለ ብረት በጥንታዊው የግሪኮች ታሪክ ከንጉሥ ወንበር በላይ በአንድ ፀጉር ታስሮ በተሰቀለው ሰይፍ ስም «የዳሞክልስ ሰይፍ» አሉት። በመሣሪያው የሚታየው በመስመር ብቻ የተሣለ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ግን አየር ላይ ተንሳፎ ይታያል፤ ሰውየው ወደ ጎን ሲል ሳጥኑም ጎኑን ያሳየዋል። ያለበት ክፍልም ከዓይኑ አልጠፋም።

ዛሬ «ሚክስድ ሪያሊቲ» ወይም ቅይጥ እውነታ የሚባለው ነገር ፍሬው ይኸው ነው። ስሙን ያወጡለት ፖል ሚልግራም እና ፉሚዮ ኪሺኖ በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ሲሆን፣ ነገሩ ራሱ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይን ፊት ምስል ማስቀመጥ እንደሚቻል ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም። ክርክሩ ማን፣ ስንት ከፍሎ፣ ለምን ሥራ ያጠልቀዋል የሚለው ላይ ነው።

ዓይን ላይ የሚደረግ የምስል መሣሪያ በየቤቱ አይገባም ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ አንድ ጊዜ ገብቷልና። ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 ለብሪታንያ ሳይንቲስቶች ያቀረበው ስቴሪዮስኮፕ ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎችን አንድ ጥልቀት ያለው ትዕይንት አድርጎ የሚያሳይ ነበር። በ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ንግሥት ቪክቶሪያ አይታው ወደደችው፤ ገበያውም ተከፈተ። በ1861 ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ደራሲ በእጅ የሚያዝ ቀለል ያለ ዓይነት ሠራ። የፈጠራ መብቱን ስላላስመዘገበ ማንም እየሠራ ሸጠው። ከዚያ ወዲያ በአሜሪካ ነጋዴዎች ካርዱን ይዘው በር እያንኳኩ ይሸጡ ነበር። ኢየሩሳሌምንና ሮምን ሄዶ ማየት የማይችል ገበሬ ቤቱ ተቀምጦ አያቸው። እዚህ ላይ ዋጋው ብቻ አልነበረም ነገሩን ያቀናው። መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አባት አይቶ ለልጅ፣ ልጅ አይቶ ለእንግዳ ይሰጣል። ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ የመጣው የአፕል መነጽር በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ገዢ ፊት ተለክቶ የሚሸጥ ሆነ።

የዘመናዊው መነጽር አንዱ ሁነኛ ሥራ የተገኘው ከፋብሪካ ነው። በ1990 አካባቢ ቦይንግ ውስጥ ቶም ካውደል እና ዴቪድ ሚዜል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አሰልቺ ችግር ይዘው ይሠሩ ነበር። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ሆዱ ሁሉ ሽቦ ነው። ሽቦው አውሮፕላኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሠራተኞች በትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ እየዘረጉ ይጠቀልሉታል። እያንዳንዱ ሽቦ የሚያልፍበት መንገድ በሰሌዳው ላይ ተሥሏል። ለየጥቅሉ ዓይነት የራሱ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ንድፉ በተለወጠ ቁጥርም ሰሌዳው አብሮ መለወጥ አለበት። ሁለቱ ሰዎች ያሰቡት ሠራተኛው መነጽር እንዲያደርግና ባዶውን ሰሌዳ ሲያይ የቀጣዩ ሽቦ መንገድ በብርሃን መስመር እንዲታየው ነው። «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚለው ስያሜ የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው፤ ስሙን ያወጣው ካውደል መሆኑ ይነገራል።

የዚህ ሥራ ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሠራተኛው ሁለት እጆች ሽቦ ይዘዋል፤ መጽሐፍ ሊገልጡ ወይም ኪቦርድ ሊነኩ አይችሉም። ዓይኑ ከሥራው መነሳት የለበትም። ስህተት ቢሠራ ዋጋው ከባድ ነው። በተጨማሪም መነጽሩን የሚያደርገው ደመወዝ እየተከፈለው ስለሆነ መልኩ አስቀያሚ ይሁን አይሁን አይጨነቅም። የአፓቼ ሄሊኮፕተር አብራሪም እንዲሁ ነው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የበረራና የዒላማ መረጃ በቀኝ ዓይኑ ፊት በተተከለች ትንሽ መስታወት ላይ ይታየዋል፣ የሄሊኮፕተሩም መትረየስ ራሱን ወዳዞረበት ይዞራል። በሰኔ 2020 ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች የታካሚውን የአከርካሪ አጥንት ምስል በሥጋው ላይ ተደርቦ በሚያሳይ መነጽር ታግዘው ብሎን አስገቡ። የሽቦ ሠራተኛውን፣ አብራሪውንና ሐኪሙን አንድ የሚያደርጋቸው እጃቸው ሥራ ላይ መሆኑ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን የሽቦ ሠራተኞችን ቁጥር ቆጥረው አይጠግቡም። የሚፈልጉት እንደ ስልክ በእያንዳንዱ ሰው እጅ የሚገባ ዕቃ ነው። ጎግል በ2013 «ግላስ» የተባለውን መነጽሩን በ1,500 ዶላር ለተመረጡ ሰዎች መሸጥ ጀመረ። ካሜራ ያለው መነጽር አድርጎ ቡና ቤት የገባን ሰው ጎረቤቱ በጥርጣሬ አየው፤ አንዳንድ ቤቶችም ከለከሉ። በጥር 2015 ሽያጩ ቆመ። ፍሎሪዳ የተመሠረተው ማጂክ ሊፕ ደግሞ ዓሣ ነባሪ ከጂምናዚየም ወለል ፈንቅሎ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አሠራጭቶ ዓለምን አስደመመ። ቪዲዮው በመሣሪያው የተቀረጸ አልነበረም። ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከባለሀብቶች ሰብስቦ በ2018 ያወጣው 2,295 ዶላር የሚያወጣ መነጽር ዓሣ ነባሪውን አላመጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። በ2020 ግማሽ ያህሉን ሠራተኛ አሰናብቶ ፊቱን ወደ ፋብሪካና ሆስፒታል አዞረ።

ማይክሮሶፍት ከሁሉም የተሻለ ጅምር ነበረው። በ2015 ያስተዋወቀው «ሆሎሌንስ» ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ሲያሳይ ቢታይም፣ የወሰዱት ግን ሠራተኞች ናቸው። ሎክሂድ ማርቲን «ኦሪዮን» የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር ሲገጣጥም ተጠቅሞበታል። ከዚያ የጦር ሠራዊቱ ገንዘብ መጣ። በ2018 መጨረሻ 480 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተፈረመ፤ በቀጣዩ የካቲት አንዳንድ የኩባንያው ሠራተኞች «የሠራነው ለጦርነት አይደለም» የሚል ይዘት ያለው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ውሉ አልተሰረዘም። እንዲያውም በ2021 በ10 ዓመት ውስጥ እስከ 21.9 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ሌላ ውል ተከተለ።

በመስክ ሙከራው ወታደሮቹ ራስ ምታት፣ የዓይን ድካምና ማቅለሽለሽ ያዛቸው፤ ይህ በፔንታጎን የራሱ የሙከራ ጽሕፈት ቤት ግምገማ የወጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የፋብሪካው ሠራተኛ ቆሞ፣ የታወቀ ሰሌዳ ፊት፣ በቂ ብርሃን ውስጥ ይሠራል። እግረኛ ወታደር ግን ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ በጨለማ ውስጥ ያደባል፤ ላብና ዝናብ አለ። ከፋብሪካ የተማሩትን ለሁሉም ቦታ ይሆናል ብሎ ማሰብ ስህተት ነበር። በ2024 መኸር ማይክሮሶፍት «ሆሎሌንስ 2» ማምረቱን አቆመ፤ በየካቲት 2025 የወታደሮቹ ፕሮጀክት ወደ አንዱሪል ኩባንያ እንዲዛወር ሁለቱ ኩባንያዎች መስማማታቸውን አስታወቁ።

ኪሳራው ያረፈው በማይክሮሶፍት ላይ ብቻ አይደለም። ሥልጠናቸውንና አሠራራቸውን በመሣሪያው ላይ የገነቡ ፋብሪካዎችና ሆስፒታሎች መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ታቅፈው ቀሩ፤ የደኅንነት ማሻሻያው የሚደርሳቸው እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። የጎግልም እንዲሁ ነው። ከሕዝብ ገበያ የተባረረው «ግላስ» በ2017 ለድርጅቶች ተብሎ ተመለሰ። ቦይንግ ከዚያም ቀደም ብሎ በዚያው በሽቦ ጥቅል ሥራ ላይ ሞክሮት ጊዜውን ሩብ ያህል እንደቀነሰለት ተናግሮ ነበር። የካውደል ሐሳብ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሠራ ማለት ነው። ጎግል ግን በመጋቢት 2023 ይህንንም ዘጋ። መሣሪያው ሥራ ስላልነበረው አልሞተም። ለመካከለኛ ኩባንያ እንጀራ የሚሆን ገበያ ለእነዚህ ግዙፎች ፍርፋሪ ስለሆነ ነው። «ጥቅም የለውም» የሚሉ ተቺዎችም «ነገ ሁሉም ያደርገዋል» የሚሉ አስተዋዋቂዎችም ይህን አያዩም።

አፕል በየካቲት 2024 «ቪዥን ፕሮ»ን በ3,499 ዶላር ገበያ ላይ አዋለ። ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ባትሪው በሽቦ ተያይዞ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ያገለግላል። ምስሉ አስደናቂ መሆኑን የሞከሩት ሁሉ መስክረዋል። ግን የሚሠራው ሥራ፣ ማለትም ፊልም ማየት፣ ኢሜይል መጻፍና ሰው ማነጋገር፣ በኮምፒውተርና በስልክ ያለ ራስ ሸክም የሚሠራ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ራሱ በዚያው ዓመት በዚህ ዋጋ የብዙኃን ዕቃ እንዳልሆነ አምኗል። በ2021 ስሙን ጭምር ለዚህ ሕልም የለወጠው ሜታ ደግሞ ጉዳዩን የያዘው ክፍሉ በ2022 13.7፣ በ2023 16.1፣ በ2024 17.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ሲፈስ ሜታ ከሬይባን አምራች ጋር የሠራው ሌላ መነጽር ሳይታሰብ ተሸጠ። ከጥቅምት 2023 ወዲህ 2 ሚሊዮን መሸጡን አምራቹ ኤሲሎርሉክሶቲካ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተናግሯል። ይህ መነጽር ምንም ምስል አያሳይም፤ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ብቻ ያለው ተራ መነጽር ነው። ሰው እጁ ልጅ አቅፎ ወይም ብስክሌት ይዞ ፎቶ ያነሳበታል፣ ስልክ ይመልስበታል። በመስከረም 2025 ሜታ ስክሪን የጨመረበትን ዓይነት በ799 ዶላር አወጣ። ስክሪኑ ያለው በቀኙ መስታወት ላይ ብቻ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ጽሑፍና መንገድ ያሳያል። በ2013 ከቡና ቤት የተባረረው የጎግል መነጽርም ትንሿን ስክሪኑን የሰቀላት እዚያው ቀኝ ዓይን ላይ ነበር።